እህቴ ያልለበሰችው ጋውን

«እናንተ እኮ በነፃ ነው የተማራችሁት» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ሰውየው ስብሰባ መሪ ይሁን፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ መንገደኛ ይሁን ለእኔ ለውጥ የለውም። ድሮ ዝም እል ነበር። አሁን ዝም አልልም። እኔን ያስተማረኝ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ እያወቅሁ ስንት ዓመት መዋሸቴ ነው።

ሁለት እህትማማቾች ነን፤ ከእኛ በታች አንድ ወንድም አለን። እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ትምህርት ቤት ግን አንድ ክፍል ነበርን፤ እናታችን ስትታመም አስታማሚዋ እሷ ስለነበረች ዘግይታ ነው የገባችው። እናታችን ከሞተች በኋላም ቤቱን ይዛ፣ ወንድማችንን አዝላ፣ ማታ በኩራዝ ከእኔ ጋር ታጠና ነበር። ቀበሌያችን ከመካነ ሰላም የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ስምንተኛ ክፍልን አብረን ተፈተንን፤ አብረን አለፍን። ውጤቷ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ቤታችን ውስጥ ይህን ቃል አውጥቶ የተናገረ ሰው ስላልነበረ እኔ ልድገመው፤ ውጤቷ ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት መካነ ሰላም ቤት መከራየትና በየሳምንቱ ስንቅ መሸከም ግድ ነው። የእኛ አካባቢ ተማሪ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚማረው። አርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ እሑድ ዳቦውን፣ ሽሮውን፣ ዱቄቱን ተሸክሞ ይመለሳል። አባታችን ለሁለት ሰው ስንቅና ለቤት ኪራይ አቅም የለኝም አለ። ውሸቱን አልነበረም። መሬታችን ጠባብ ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ገብሱን በረዶ መትቶት ነበር። ስለዚህ አንዷ ትማር፣ አንዷ ዓረብ አገር ትሂድ ተባለ።

ማን ትሂድ የሚለው የተወሰነው በውጤት ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የተወሰነው በቁመት ነው። እህቴ ረጅም ናት። ደላላው መጥቶ ሁለታችንን ግቢው መሀል አቆመንና ከእግር እስከ ራሳችን አየን። ጥርሳችንን ከፍቶ አለማየቱ ነው የቀረው። «ይቺ ትሻላለች፤ ዕድሜ ቢጨመርላት አያስነቃባትም» አለ። ከሳምንት በኋላ እህቴ በመታወቂያዋ ላይ ስምንት ዓመት አድጋ መጣች። ዲግሪዬ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቀኝ መልሱ ይኸው ነው፤ እህቴ ከእኔ በአንድ ስንዝር ትረዝም ነበር።

የሄደች ቀን የስምንተኛ ክፍል ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። አባቴ አይቶ «እዚያ ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«ይኑር፤ ምን ቸገረህ አባዬ» አለች።

ከዚያ በኋላ እኔ ስንቅ ተሸክሜ አላውቅም። የቤት ኪራዩን የምትልከው እሷ ነበረች፤ ዳቦ የምገዛበትንም እንዲሁ። ሌሎቹ ልጆች እሑድ እሑድ ጀርባቸው ጎብጦ ዳገቱን ሲወጡ እኔ ደብተሬን ብቻ ይዤ እገባ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ አለፍኩና ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

በገባን በመጀመሪያው ሳምንት አዳራሽ ውስጥ አሰልፈው አንድ ፎርም አስፈረሙን። የወጪ መጋራት ውል ይባላል። ለምግቡና ለመኝታው፣ ለትምህርቱም ከፊሉን፣ ስንመረቅ ለመንግሥት ልንከፍል ነው የምንፈርመው። ፎርሙ ላይ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የቀበሌና የቤት ቁጥር፣ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ወጪውን የምንጋራው ግን መንግሥትና እኔ ብቻ ነን። ሪያድ ውስጥ የሰው አሮጊት ከአልጋ እያነሳች ለምታጥበው እህቴ የተሰመረ መስመር የለም። ላፕቶፑን የገዛችው እሷ፣ ሃንድአውቱን ፎቶ ኮፒ ያስደረገችው እሷ፣ ሳሙናውንም ሞዴሱንም፣ ለዕረፍት ስንበተን የመኪናውንም የከፈለችው እሷ። ፈረምኩ። ተራው ረጅም ነበር፤ ከኋላዬ ያሉት «ቶሎ በይ እንጂ» እያሉ ይገፉኝ ነበር።

በፎርሙ መናደድ ቀላል ነው። የከበደኝ ሌላው ነው። ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን ተመደብን። የመጀመሪያው ቀን አልጋችንን እያነጠፍን «አንቺን ማን ነው የሚያስተምርሽ?» ተባባልን። አንዷ እናቴ ነጋዴ ናት አለች፤ አንዷ አጎቴ አለች። እኔ «አባቴ፤ ገበሬ ነው» አልኩ። የገበሬ ልጅ ነኝ ማለት አላሳፈረኝም፤ እንዲያውም ያስከብራል። ሰው ቤት የምትሠራ እህት አለችኝ ለማለት ግን አፈርኩ። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለስ አቃተኝ። አራት ዓመት ሙሉ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ «አባቴ» ሆነ። እህቴ አርብ አርብ ስትደውል ስልኬን ይዤ ወደ ኮሪደር እወጣ ነበር። «ማናት?» ሲሉኝ «ዘመዳችን ናት» እል ነበር።

ስመረቅ አባቴ ኮቱን አስተኩሶ መጣ። ከምርቃቱ በኋላ መካነ ሰላም አንድ ፎቶ ቤት ገባን። አባቴ የእኔን የጋውን ፎቶና ስልኬ ላይ የነበረውን የእህቴን ፎቶ ለባለፎቶው ሰጠውና «ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። ጎን ለጎን አርገህ ትልቅ አውጣልኝ» አለው። እህቴ ፎቶው ላይ ጥቁር ዓባያ ለብሳለች፤ እዚያ አገር ከቤት ስትወጣ የምትለብሰው ነው። ባለፎቶው ጥቁሩን ዓባያ ከእኔ ጥቁር ጋውን ጎን ሲያየው ሁለት ተመራቂ መሰለው። ሻሹን በኮምፒውተር አጥፍቶ የምርቃት ቆብ ደፋላት፤ አንገቷ ላይ እንደኔው ያለ ባለቀለም ሻርፕ አደረገላት። ከኋላችን ፏፏቴ ለቀቀ። ከላይ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ በወርቅማ ቀለም ጻፈበት።

ልንወስድ ስንሄድ አባቴ ፎቶውን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። እኔ ተሳስቷል፣ ይስተካከል አልኩ።

«ተይው» አለኝ። «ምን ይላል? ያምራል።»

ወስዶ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቀለው። ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ እያየ «ሁለቱም? ወይ መታደል!» ይላል። አባቴ አዎ አይልም፤ አይ አይልም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እኔም ቆሜ እሰማለሁ። እንግዳው ፊት አባቴን ማሳፈር አልፈለግሁም፤ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነበር።

ከተመረቅሁ በኋላ ወራት ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወግዲ ላይ አንድ ሥራ ወጣና ተወዳድሬ አለፍኩ። ነገር ግን ኦሪጅናል ዲግሪ አምጪ ተባልኩ። ኦሪጅናሉ የሚሰጠው ደግሞ ያን የፈረምኩትን ስከፍል ነው። ለመክፈል ሥራ ያስፈልገኛል፤ ለሥራው ኦሪጅናሉ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ስንት ቀን እንደተንገበገብኩ አልናገርም፤ ከእኔ ጋር የተመረቀው ሁሉ ያውቀዋል። እህቴ በዚያው ሰሞን ኮንትራቷን ጨርሳ ለመምጣት ሻንጣ ገዝታ ነበር። ዐይኔን በጨው አጥቤ ደወልኩላት።

ብዙ አልጠየቀችኝም። «እስከ መቼ ነው የሚፈልጉት?» አለች።

«እስከ ወሩ መጨረሻ።»

«አብሽሪ» አለችኝ። በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የሚለው ነው፤ አይዞሽ፣ አታስቢ ማለት ነው። ገንዘቡን ላከችልኝ፤ ሻንጣውን አልጋ ሥር መልሳ ከተተችና ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ፈረመች። ወገቧ የተጎዳው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው። አሮጊቷን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስታነሳ አብረው ወደቁ። የሰጡኝ ደረሰኝ ላይ «ተጠቃሚዋ የሚጠበቅባትን ወጪ ከፍላ አጠናቃለች» ይላል። ተጠቃሚዋ እኔ ነኝ። ከፈለች የተባልኩትም እኔ ነኝ።

በሄደች በአሥር ዓመቷ መጣች። ሻንጣዋን ከመኪና አውርጄ እኔ ተሸከምኩ፤ እሷ የአምስት ሊትር ጀሪካን እንኳ ማንሳት አትችልም። ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ፎቶውን ነው። በስልክ ማንም አልነገራትም ነበር። ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ወገቧን ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

«በምንድን ነው የተመረቅኩት?» አለችኝ።

አባቴ ማገዶ ላምጣ ብሎ ወጣ። እሷ ሳቋ ሲያልቅ ሻንጣዋን ከፍታ ከልብሱ ሥር ያን ፌስታል አወጣች። ካርዱ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ቁጥሮቹ ግን ይነበባሉ። «ዘጠነኛ ክፍል በማታ አለ አይደል?» አለች። «ልማር ነው የመጣሁት።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ታናሽ ወንድማችን በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትኖ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ አላመጣም ነበር። ደሴ ውስጥ በክፍያ የሚያስተምር የግል ኮሌጅ አለ ተባለ። አባቴ ሳምንት ሙሉ ሲያጉተመትም ቆየና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሽማግሌ ጠራ። አንዱ የንስሐ አባታችን ናቸው። ሌላው የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ ከብት ነጋዴ፣ እስላም፣ የአባቴ የገበያ ወዳጅ። እኛ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። እኔም ከወግዲ መጥቼ ነበር።

ነገሩ ሲጀመር ስለ አገር ነበር። ማን ነው ማስተማር ያለበት አሉ። የንስሐ አባታችን ወላጅ ነው አሉ፤ የወለደ ያስተምራል። የወረኢሉው ሰው የለም፣ መንግሥት ነው አሉ፤ የተማረው ነገ የሚያገለግለው መንግሥትን አይደል ወይ። አባቴ እኔ አርጅቻለሁ አለ። መንግሥትም ልጁን ነጥብ የለውም ብሎታል አለ። ወንድማችን በሩ አጠገብ ቆሞ ጣቱን ያንቋቋል። መንግሥትን አነሱና ጣሉት፤ አባቴን አነሱና ጣሉት፤ ባንክን አነሱ፤ በሬውን መሸጥ አነሱ፤ በሬው ከተሸጠ በምን ይታረሳል ተባለ። እኔ ይህን መንገድ አውቀዋለሁ። ወዴት እንደሚያደርስም አውቅ ነበር። እህቴም ታውቅ ነበር፤ ሻሿን አውልቃ እንደገና ታስራለች።

«ሁለት ዓመት ብቻ ነው» አለ አባቴ በመጨረሻ፣ እሷን ሳያይ። «መንገዱን ለምደሽዋል።»

የንስሐ አባታችን «ልጄ፣ ለወንድም የሠሩት ለነፍስም ነው» አሏት።

የወረኢሉው ሰው ቀና ብለው ፎቶውን አዩ። ፊታቸው በራ። «ማሻአላህ! ደግሞ አንቺ ያልተማርሽ አይደለሽ። የትምህርትን ጥቅም ለአንቺ ማን ይነግርሻል? ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ዓረብ አገር የሚሄድ ዛሬ ስንቱ ነው፤ ነውር የለውም። አባትሽ ሁለታችሁንም ጋውን አልብሷችኋል። አሁን የወንድማችሁ ተራ ነው። ያባትሽን ውለታ በዚህ ትመልሺዋለሽ» አሏት።

ውለታ! ሰውየውን አልጠላቸውም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ለሽማግሌ መልስ አይመለስም ተብለን ነው ያደግነው፤ እኔ ግን ተነስቼ ቆምኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። እሷ የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ያ የለበሰችው ዓባያ ነው። ቆቡን የደፋላት ፎቶ ቤቱ ነው። ጋውን የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያለበሰችኝ እሷ ናት። አባታችን አይደለም፤ መንግሥትም አይደለም። አሥር ዓመት ሙሉ ሁላችንም በእሷ ወገብ ላይ ተቀምጠናል። ወገቧ አሁን ተሰብሯል። ምን ቀረ? አንገቷ ነው የቀረው!»

«ሁላችንም» ስል ዐይኗ ዐይኔ ላይ ነበር። ያን የስልክ ጥሪ ከእኔና ከእሷ በቀር እዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ እሱንም ተናገርኩ። ሻንጣ ገዝታ እንደነበር፣ ኦሪጅናል ዲግሪዬን ለማስለቀቅ እንደቀረች፣ የወደቀችውም ከዚያ በኋላ እንደሆነ ተናገርኩ።

የወረኢሉው ሰው ፎቶውን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ወደ አባቴ ዞሩ። «ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

«ፎቶ ቤቱ ተሳስቶ ነው» አለ አባቴ።

«አንተስ?»

አባቴ መሬት መሬት እያየ «ውጤቷ ይበልጥ ነበር» አለ። «የዚችኛዋ ጥሩ ነው፤ የዚያችኛዋ ግን ይበልጥ ነበር። ፎቶውን ሳየው... እንደዚያ ቢሆን ብዬ ነው የተውኩት።»

አሥር ዓመት ጠብቄው የነበረው ቃል ነው። ሲመጣ ደስ አላለኝም። እንዲያውም ይበልጥ ተናደድኩ። ያውቅ ነበራ! ደላላው ግቢያችን ውስጥ ሲያስቆመን ያውቅ ነበር፤ ዕድሜዋን ሲያስጨምር ያውቅ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ስለ ትምህርት የማያውቅ ገበሬ ነው ብዬ እያሰብኩ ይቅር ስለው ኖሬያለሁ።

እህቴ «አልሄድም» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ወገቤ አይችልም። ቢችልም አልሄድም። መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ።» ከዚያ ወደ ወንድማችን ዞራ «አንተ በግል ተፈታኝነት ተመዝገብና ደግመህ ተፈተን። ነጥብ ካመጣህ እናያለን። እኔም አጠናለሁ፤ አብረን እናጠናለን» አለችው። እሱ ራሱን ነቀነቀ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙን።

ማን ይክፈል የሚለውን ክርክር አሁንም በየቦታው እሰማለሁ። ተማሪው ይክፈል የሚለው ተማሪው ምን እንዳለው አይናገርም። መንግሥት ይክፈል የሚለው ደግሞ የሚያወራው ከዩኒቨርሲቲው በር ወዲያ ስላለው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ መንግሥት ይክፈል እላለሁ፤ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ይጀምር። ልጅ ከልጅ የሚመረጠው እዚያ ነው፤ የቤት ኪራይና የዱቄት ጉዳይ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የደረሰውን ተቀብሎ አስተማርኩህ ማለት ቀላል ነው። ያልደረሰችውን ማን ቆጠራት?

ፎቶው አሁንም ተሰቅሏል። ከዚያ እሑድ በኋላ አባቴ ሊያወርደው ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር፤ እህቴ ናት የከለከለችው። «ቆቤን አታውልቅብኝ አባዬ፤ እደርስበታለሁ» አለችው። እሷ ቀልዳ ነው፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያቃጥለኛል።

ለማታው ትምህርት ምዝገባ መካነ ሰላም አብረን ሄድን። ከወግዲ ፈቃድ ጠይቄ ነው የመጣሁት። ከክፍል ልጆቿ ብዙዎቹን በአሥር ዓመት የምትበልጥ ሴት፣ ወገቧን በነጠላ አጥብቃ አስራ፣ ከአሥራ ስድስትና ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ኋላ ተሰለፈች። ልጆቹ የአንዳቸው እናት መስላቸው አሳለፏት። መዝጋቢው መምህር ካርዱን ከፌስታሉ አውጥቶ አገላብጦ አየው። ውጤቱን ሲያይ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ ሁሉንም የሚጠይቀውን ጠየቃት።

«ማን ነው የሚያስተምርሽ?»

ከኋላዋ ቆሜ ነበር። እኔ ብቻ ሳልሆን ልጆቹ ሁሉ ይሰማሉ።

«እህቴ ናት» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ዞር ብላም በእጇ አሳየችኝ። «ይቺውት። ዲግሪ አላት፤ ወግዲ ነው የምትሠራው።»

አራት ዓመት፣ ስንቱ ሰው ጠይቆኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ያላልኩትን ቃል እሷ በአንድ ትንፋሽ አለችው። መምህሩ ቀና ብሎ ስሜን ጠየቀኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ስሜን የነገረችው እሷ ናት።